መንገድ በነጻ መምራት ሞኝነት ነው? የተራራ መኪና ወዳጆች ግቡበት

ታኮ ያዥ | ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስቼ ሻይ በፔርሙስ ስሞላ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሆና «ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሃል?» አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። «ምንም» አልኳት። «ነዳጁስ?» «የራሴ።» መብራቱን አጠፋችው።

ለማታውቁኝ፦ በዴንቨር አካባቢ ባለ ፎር ዊል መኪና ያላቸውን ሰዎች ሰብስቦ ወደ ተራራ መንገድ የሚያወጣ ማኅበር አለ። እኔ ከበጎ ፈቃደኛ መንገድ መሪዎቹ አንዱ ነኝ። ወቅቱ አጭር ነው። ከፍ ያሉት መንገዶች በረዶው ቀልጦላቸው የሚከፈቱት በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ነው፤ መስከረም ሳያልቅ ደግሞ አዲስ በረዶ ይጀምራል። አገር ቤት ዝናብ ሲወርድ እኛ ተራራ ላይ ነን ማለት ነው።

መንገድ መምራት ሲባል ብዙ ሰው ከፊት ሆኖ መንዳት ይመስለዋል። ከፊት መንዳቱ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ከመኪና መኪና እየዞርኩ ትርፍ ጎማ መኖሩን፣ ባትሪው መታሰሩን፣ ከፊትም ከኋላም ጤናማ መጎተቻ መንጠቆ መኖሩን አያለሁ። ከዚያ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. እናወርዳለን። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ጎማውን ያበላሸሁበት ይመስለዋል። የለዘበ ጎማ ግን ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል፤ የተወጠረ ጎማ እንደ ኳስ ይነጥራል። በመጨረሻ ሬዲዮ እንፈትሽና ያለችኝን አንዲት ሕግ እነግራቸዋለሁ፦ እያንዳንዱ ሹፌር ኃላፊነቱ ከኋላው ላለው መኪና ነው። መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ከኋላህ ያለው በመስታወትህ እስኪታይ ቁም። የመጨረሻው መኪና ከቆመ ሬዲዮ ባይኖርም ሰልፉ በየተራው እስከ እኔ ድረስ ይቆማል።

ሙያውን ያገኘሁት በአሰብ መስመር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ሦስት ዓመት ረዳት ነበርኩ። የዚያን ዘመን ረዳት ታስታውሱ እንደሆነ፣ ጭነት ላይ ተንጠልጥሎ ይሄድና ጣርማ በር ላይ መኪናው ዳገቱ ሲያቅተው ታኮውን ይዞ ይዘላል፤ ከጎማው ኋላ ይሸጉጣል። ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ ቀድሞ ሮጦ «ና! ና! ወደ ቀኝ ስበር! መልስ! በቃ!» እያለ በገደሉ ጥግ ያሳልፋል። እዚህ አገር መጥቼ አንድ ፈረንጅ ድንጋይ ላይ ቆሞ በጣቱ መኪና ሲያሳልፍ አየሁ። ለካ ለዚህ ሥራ ስም አውጥተውለታል፤ ሥልጠናም ይሰጡበታል። እኔ የተማርኩት በጥፊ ነው። ታኮዬ እስካሁን ከመኪናዬ ኋላ አይጠፋም፤ ራሴ የጠረብኩት የጥድ ግንድ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ቅዳሜ ሰባት መኪና ይዘን ከአልማ ተነስተን ወደ ሞስኪቶ ፓስ ወጣን። 4,019 ሜትር ከፍታ ያለው የተራራ መተላለፊያ ነው፤ ወደ ሌድቪል ከተማ ያሻግራል። ስሙ ትንኝ ማለት ነው፤ እኔ እዚያ ከፍታ ላይ ትንኝ አላየሁም። ጫፉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1864 በበረዶ መንሸራተቻ ፖስታ እየተሸከመ ያሻግር ለነበረ ዳየር ለተባለ ሰባኪ የቆመ መታሰቢያ አለ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ መነሳት ይፈልጋል። የመጨረሻዎቹ መታጠፊያዎች ላይ ስንደርስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ከሸንተረሩ ጀርባ ሆዱ የጠቆረ ደመና ተነሳ። አንደኛው ጂፕ ጣራውንም በሮቹንም አውልቆ ነበር የመጣው። ሌሎች ሁለት ሹፌሮች በገደል መንገድ ላይ ወደ ኋላ ነድተው አያውቁም። ከላይ የሚወርድ መኪና ባያሳልፈን፣ መንገዱም ከረጠበ፣ እነዚህን ሁለቱን በምን አወጣቸዋለሁ? ሰፊ ቦታ አገኘሁና ሁሉንም መለስኳቸው።

አንድ ወጣት ከመኪናው ወርዶ «ሁለት ሰዓት ነድቼ የመጣሁት ጫፉ ሥር ደርሼ ልመለስ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ዝም አልኩት።

ማታ እንቅልፍ ሲነሳኝ አንድ ነገር አሰብኩ። ያ ልጅ ከፍሎኝ ቢሆን ኖሮ ጫፍ ላይ ላደርሰው እችል ነበር፤ የተቀበልኩት ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይጎተጉተኛል። በነጻ ስለምሠራ ነው «አይሆንም» ማለት የቀለለኝ። የእናንተ አስተያየት ምንድን ነው? በነገራችን ላይ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የኋላ መኪና የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ።


ማርሽ ሁለት | ሌክዉድ፣ ኮሎራዶ

ጋሼ፣ አምና ካወጧቸው ጀማሪዎች አንዷ ነኝ፤ ግራጫዋ ፎርራነር መኪና የእኔ ናት። ስለ ቅዳሜው ሌሎች ይናገሩ፤ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልመጣሁም። ግን እርስዎ የማይናገሩትን እኔ ልናገርልዎ።

ሦስተኛ ጉዞዬ ላይ ነበር። ሬድ ኮን የሚባለው የተራራ መንገድ መግቢያ፣ ዛፎቹ መካከል፣ መንገዱን የሞላ ድንጋያማ ቦታ አለ። ከፊቴ መሶብ የሚያክል ድንጋይ ተቀምጧል። እኔ በማስተዋል በሁለቱ ጎማ መካከል ላሳልፈው ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ጋሼ እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ። ወደ መስኮቴ መጥተው ምን አሉኝ? «ልጄ፣ ጎማ የተሠራው ለድንጋይ ነው፤ የመኪና ሆድ ግን ለድንጋይ አልተሠራም። የግራ ጎማሽን ድንጋዩ ላይ አውጪው።» ሊሆን አይችልም ብዬ አሰብኩ። ድንጋዩ ላይ ሆን ብሎ የሚወጣ ሰው አለ? «መንገዱን አትዪ። እጄን ብቻ እዪ» አሉና ከጎን በኩል ራቅ ብለው ቆሙ።

እጃቸውን አየሁ። ጣታቸው ሲታጠፍ መሪውን አጠፍኩ፤ መዳፋቸው ሲዘረጋ ቆምኩ። የግራ ጎማዬ ወጣ፤ መኪናዋ ተጋደመች፤ ቦርሳዬ ከወንበሩ ወደቀ፤ እኔ «በስመ አብ» እያልኩ ነው። ከዚያ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አቀራርበው አሳዩኝ፦ ይህን ታህል ብቻ። ፍሬኑን ያን ታህል ለቀቅኩ። ወረደች። ምንም አልነካትም። ወርጄ ዞሬ ሳያት እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼ ግን ቀጣዩን መኪና ለመጥራት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር።

ነርስ ነኝ። እጅ ብቻ እያዩ መሥራት ምን እንደሆነ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የሰውየው እጅ «ተመለሱ» ካለ ተመለሱ ነው።

የኋላ መኪናውን እኔ እይዛለሁ። ሬዲዮም አለኝ፤ የጂ.ኤም.አር.ኤስ. የሬዲዮ ፈቃድ አውጥቻለሁ። 35 ዶላር ከፍላችሁ አሥር ዓመት ነው፤ ፈተናም የለውም፤ ቤተሰብ ሁሉ ይጠቀምበታል። ያላወጣችሁ አውጡ።


የዳሎል መንገደኛ | አዲስ አበባ

ታኮ ያዥ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ እኔም የረዳት ልጅ ነኝ፤ አባቴ በዚያው መስመር ነው ያረጀው። ስለ ታኮው ያሉትን ሳነብ ሳቄ መጣ። በገንዘቡ ጉዳይ ግን አልስማማም።

አሥራ አራት ዓመት ጎብኚ ይዤ ላንድክሩዘር ነድቻለሁ፤ ከባሌ እስከ አፋር። ተከፍሎኝ ነው የነዳሁት። «አይሆንም» ብዬም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አፋር፣ ሀመድ ኢላ አድረን ጠዋት ወደ ጨው ሜዳው ልንወርድ ስንል ሌሊቱን ውኃ ገብቶበታል። ጨው ሜዳ ላይ የሚታያችሁ ነጭ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ጭቃ አለ። ቅርፊቱ ከደረቀ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከረጠበ ወጥመድ። የአፋሩ መሪያችን ወርዶ በተረከዙ መሬቱን ሁለት ሦስት ቦታ መታ፤ ራሱን ነቀነቀ። በቃ። ይህን ለጎብኚዎቹ ስነግራቸው አለቃዬ በስልክ «ሰዎቹ ከፍለዋል፤ አውርዳቸው» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ያን ወር ደመወዜ ላይ ቅጣት ተቆረጠ። ሥራውን ግን አልለቀቅኩም፤ ሰዎቹም በሕይወት አሉ።

የሚከፈለው ሰው ይሉኝታ እንደሌለው አድርገው አይሳሉት። በነጻ የሚሠራውስ? ስሙ እንዲነሳ፣ እንዲመሰገን፣ «ጀግናው መሪያችን» እንዲባል ብሎ ሰው ገደል ይዞ የሚገባ የለም? አለ። ምስጋናም ደመወዝ ነው።

ሌላው ደግሞ ይህን ነገር ወደ አገር ቤት ይዛችሁ እንዳትመጡ እፈራለሁ። በየዓመቱ ከውጭ የሚመጡ ወንድሞች መኪና ተከራይተው «እኛ ጂ.ፒ.ኤስ. አለን፤ በነጻ እንመራችኋለን» እያሉ ባሌ ይወጣሉ። ሳነቴ ላይ አንድ ጎማ ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩን ሲበላው ዓመት አይበቃውም። የአካባቢው መሪ ያንን ሣር ያውቀዋል፤ ልጆቹን የሚያበላውም ከዚያ ነው። በጎ ፈቃደኝነታችሁ የእርሱን እንጀራ የሚነጥቅ ከሆነ ስሙ ሌላ ነው።


አሸዋ ለመደ | ሻርጃ

እኔ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እረፍት ነኝ። ሻርጃ ውስጥ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሦስት ቀን ነው፤ ቅናት ይፈቀዳል። ከሦስቱ አንዱን ለበረሃው ሰጥቻለሁ።

እዚህም ያው በጎ ፈቃደኛ ነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ከኋላ። ልዩነቱ የእናንተ ድንጋይ በቦታው ይጠብቃችኋል፤ የእኛ አሸዋ ትናንት ያለፋችሁበትን ዛሬ ለውጦት ይጠብቃችኋል። ሌሊቱን ነፋስ ከነበረ ትናንት ተዳፋቱ ለዘብ ያለ የነበረው ኮረብታ ዛሬ ጀርባው የተቆረጠ ገደል ነው። ስለዚህ መሪው ጫፉ ላይ ደርሶ ማዶውን ሳያይ ተከታዩ አይነሳም። ሁላችንም በረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ የምንሰቅለው ኮረብታው ማዶ ያለውን መኪና ሳንገጨው እንድናየው ነው።

ንፋስ እዚህ ከ12 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። ከዚያ በታች ካወረዳችሁ ጠንከር ብላችሁ ስትታጠፉ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። አንድ ጊዜ በሐምሌ ቀትር ላይ የወለቀ ጎማ መልሻለሁ፤ ብረቱ እጄን አቃጠለኝ፤ ክሪኩ ያለ ሳንቃ አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ አላገባ አለን። ከዚያ ወዲያ ከኅዳር እስከ መጋቢት ካልሆነ አልወጣም።

ለጀማሪ የምነግረው ነገር ቢኖር፦ ስትቆም አፍንጫህን ወደ ቁልቁለት አዙረህ ቁም፤ አለበለዚያ ለመነሳት ትለምናታለህ። ዳገቱ መሃል ካቃተህ ጋዝ አትጨምር፤ ትቀበራለህ። በመጣህበት ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ ውረድ። መሪውን አጥፈህ በጎን ልውረድ ካልክ ትገለበጣለህ።

ስለ መጎተት ግን ዝም ማለት አልችልም። ተጎታች የሚታሰርበትን ክብ ብረት መጎተቻ አድርጋችሁ አትጠቀሙበት። ገመዱ ተወጥሮ ያ ብረት ሲበጠስ እንደ ጥይት ነው የሚሄደው። አገር ቤት ካቦ አግኝተን የትም ስናስር ያደግን ሰዎች ይህ ነገር ቀልድ ይመስለናል። ገመዱ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጃኬት ጣሉበት፤ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። እኔ መሪ በሆንኩበት ጉዞ ላይ ቪዲዮ ለመቅረጽ ቀርቦ የቆመ ሰው ካለ ሥራው ይቆማል።

ስለ ክፍያው፦ ዳሎል መንገደኛ ልክ ብለሃል፤ ምስጋናም ያሰክራል። አይቻለሁ።


እግረኛ | ሲያትል

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስለ ጥሩ መሪ ስትከራከሩ ተራራው ምን እንደሚል ማንም አልጠየቀም። ከዛፍ መስመር በላይ ያለው ሣርና አበባ በዓመት ውስጥ ለማደግ የሚያገኘው ጥቂት ሳምንት ነው። አንድ የጎማ ዱካ ለአሥርት ዓመታት ሳይሽር ይኖራል። ያን ያህል ተራራ የሚወዱ ከሆነ በእግር ቢወጡትስ? መንገድ መሪ ጨምራችሁ ቁጥራችሁን ስታበዙ ጉዳቱን ነው የምታበዙት።


አዲስ ገቢ | ሲልቨር ስፕሪንግ

ሱባሩ አለኝ። ይሄዳል?


ማርሽ ሁለት | ሌክዉድ፣ ኮሎራዶ

@አዲስ ገቢ፣ የት? ዝቅተኛ ማርሽ የለውም። ቁልቁለት ሲረዝም ፍሬንህ ብቻውን ይሠራና ይግላል። ለቀላል የደን መንገድ ግን በደስታ። እዚህ ስትመጣ ንገረኝ፤ ጆርጂያ ፓስን ከብሬክንሪጅ ወገን ሳይሆን ከጄፈርሰን በኩል እናሳይሃለን።


ታኮ ያዥ | ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

አንድ በአንድ ልመልስ።

እግረኛ፣ ነገርዎ እውነት ስለሆነ አልቆጣም። እኔም ጉልበቴ ሳይበላ በእግር እወጣ ነበር። ግን መንገዶቹ ለማዕድን ሲባል ከመቶ ዓመት በላይ በፊት የተቆፈሩ ናቸው፤ እኔ ባልመራም ሰው ይወጣባቸዋል። ጥያቄው ማን ከነማን ጋር ይወጣል የሚለው ነው። የአሜሪካ ደን አገልግሎት የትኛው መንገድ ለመኪና ክፍት እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ በነጻ ያድላል፤ ካርታው ላይ የሌለ መንገድ መሬት ላይ ቢታይም የተከለከለ ነው። ጀማሪ ይህን አያውቅም። ዱካ ካየ መንገድ ይመስለዋል። በየዓመቱ ሁለት ቅዳሜ ደግሞ መኪናችንን አቁመን አካፋና ድጅኖ እንይዛለን። አምና አንድ ረግረጋማ ቦታ ላይ ሰው ጭቃውን እየሸሸ በጎን ሲያልፍ የአንድ መኪና መንገድ የአራት መኪና ስፋት ሆኖ ነበር። ድንጋይ ተሸክመን ጎኑን ዘጋን፤ ግንድ አጋደምን፤ ፍግና ዘር ነሰነስን። ከቀትር በፊት የጀመርነው ማታ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። በበነጋው ቀና ማለት አቅቶኝ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ማስቀደስ አልቻልኩም። ዘንድሮ ሄጄ አየሁት፤ ሣሩ ገና ጥፍር ያህል ነው። ድንጋዩን ግን ማንም አላነሳውም።

ሞአብ የሄዳችሁ ካላችሁ ያንን ጥቁርና ሸካራ የአፈር ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በእግር እንኳ ከተረገጠ ለመመለስ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ዩታ ውስጥ ያለችው ያች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን የጂፕ ጉዞ ታዘጋጃለች፤ የሚመሩት የአካባቢው ክለብ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ከድንጋዩ ወርዶ አፈሩን የረገጠ ሰው ሲያዩ እንዴት እንደሚቆጡ ብታዩ! ሥራዬን እንዴት መሥራት እንዳለብኝ የተማርኩት ከእነርሱ ነው። የእነርሱ ፋሲካ ብዙ ጊዜ በእኛ ሁዳዴ ላይ ይውላል፤ እነርሱ በየምሽቱ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ እኔ ሽሮዬን በትንሽ ምድጃ አፈላለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሽታው ምንድን ነው እያለ ይመጣል።

የዳሎል መንገደኛ፣ ከሁሉ በላይ የነካኝ የአንተ ነው። ስለ ምስጋናው ያልከውን ሁለት ቀን አሰብኩበት። ልክ ነህ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ አንድ ሰው «ከአንተ የተሻለ መሪ አላየሁም» ስላለኝ ብቻ ማለፍ በማይገባን የቀለጠ በረዶ ላይ አሳለፍኳቸው። አንደኛዋ መኪና ወደ ገደሉ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተች። ቆመች። ያኔ የከፈለኝ አልነበረም። ስለዚህ «በነጻ ስለምሠራ ነው አይሆንም ማለት የቀለለኝ» ያልኩትን ትቼዋለሁ። የቀለለኝ ያችን መኪና ስላየሁ ይሆናል።

ስለ አገር ቤትም ልክ ነህ። እኔ ባሌ ብመጣ ከሮቤ ወይም ከጎባ መሪ ሳልይዝና ዋጋውን ሳልከፍል አልወጣም። እዚህም ቢሆን ክፍያ ተቀብሎ በደን መሬት ላይ ሰው የሚመራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እኛ ያለ ክፍያ የምንሄደው የእነርሱን ገበያ ላለመንካትም ጭምር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ እነዚህ ሰዎች ኢሞጂን የሚሉት መተላለፊያ አላቸው፤ 3,997 ሜትር ነው፤ ሲወጡት እንደ ጀግና ይኩራራሉ። የባሌው ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ነው፤ መኪና እስከ ጫፉ ይወጣል ስላቸው አያምኑኝም። እውነት ነው አይደል? እኔ ከሰው ነው የሰማሁት።


የዳሎል መንገደኛ | አዲስ አበባ

እውነት ነው። እስከ አናቱ ድረስ መንገድ አለው። ሞተሩ ግን አየር አጥሮት እንደ አስም በሽተኛ ይሆናል፤ ማርሽ ሳይቀንሱ የሚሞክሩት መሃል ላይ ይቆማሉ። ጠዋት ከሆነ ቀይ ቀበሮም ታያላችሁ። በሐሬና ጫካ በኩል ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ ደግሞ ከብርድ ወደ ሙቀት በአንድ ቁልቁለት ነው፤ ጃኬት አውልቃችሁ ትጨርሳላችሁ።

ስለ መኪናዋ ስለ ነገሩን አከበርኩዎት። ብዙ ሰው አይናገረውም።


ያ ወጣት | ሴንቴኒያል፣ ኮሎራዶ

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ የተቆጣው ሰው እኔ ነኝ። ዘመዴ ይህን ውይይት ልኮልኝ ነው ያነበብኩት።

ያልተነገረ አንድ ነገር አለ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አባቴ ነበሩ። ከደብረ ብርሃን ሦስት ወር ሊጎበኙኝ መጥተው ማክሰኞ ነበር የሚመለሱት። ጫፉን ላሳያቸው ፈልጌ ነው። ሌላ ቅዳሜ የለኝም ነበር። ይህን ለጋሼ በጊዜው መናገር ነበረብኝ፤ ተናደድኩና ሌላ ነገር ተናገርኩ።

ግን እውነቱን ልናገር፣ አሁንም አልተዋጠልኝም። አልማ ወርደን ሳንድዊች ስንበላ ወደ ላይ አየሁ። ደመናው ተበትኗል። ጫፉ ላይ ፀሐይ ነበር። አንድ ጠብታ አልወረደም። አባቴ ምንም አላሉም፤ በልተው ከጨረሱ በኋላ ብቻ «የመንዝን ጓሳ ይመስላል» አሉ። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ተኙ።


ታኮ ያዥ | ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ደመናው ተበትኗል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ከአልማ ሳይሆን ከመኪናዬ መስታወት ነው ያየሁት። አንጀቴ ተላወሰ።

አባትህ መሆናቸውን ባውቅ ኖሮ አሁንም እመልሳችሁ ነበር። ግን ከመመለሳችን በፊት እዚያው ሰፊው ቦታ ላይ አስወርጄ ሸለቆውን አሳያቸው ነበር፤ ከዚያም ይታያል፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ይህ የእኔ ስህተት ነው። ተመለሱ ስል ስለ መኪናዎቹ ብቻ አሰብኩ። ስልክ ስትደውልላቸው ይቅርታዬን አድርስልኝ። ከደብረ ብርሃን ከሆኑ ጣርማ በርን ያውቁታል፤ ታኮ ያለው ሰው ነው በላቸው።


ያ ወጣት | ሴንቴኒያል፣ ኮሎራዶ

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላቸው። ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ታኮው ከምን እንጨት ነው?» ብለው ነው። ጥድ ነው ስላቸው «ጥድ ይሰነጠቃል፤ ወይራ ነው የሚሻለው» አሉ።

ቅዳሜ ቦታ ካለ እመጣለሁ። ጫፉን እኔም አላየሁትም። ለአባቴ ፎቶ አነሳላቸዋለሁ።


ማርሽ ሁለት | ሌክዉድ፣ ኮሎራዶ

ቦታ አለ። የኋላ መኪናዋ እኔ ስለሆንኩ ከእኔ ፊት ትሰለፋለህ፤ መስታወትህን እያየህ ንዳ። ጣራ ይኑርህ።


ታኮ ያዥ | ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፌርፕሌይ ያለው ነዳጅ ማደያ። ተራራው ላይ ማደያ የለም፤ ሙሉ አድርጋችሁ ኑ። የፊታችን ሐሙስ ዝናብ ይላሉ፤ ዓርብ ማታ እዚሁ እጽፋለሁ። ካልሆነ አልሆነም።

ወይራ ኮሎራዶ ውስጥ የት አለ?